አሥራ ሰባት «አንድም»፣ አንድ ዜሮ

ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ትክክል ነበርኩ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ከሰማችሁ በኋላ «እንኳን ተረታህ» እንደምትሉኝ ስለማውቅ ነው አቋሜን ከወዲሁ የማስታውቀው። ባለቤቴ ይህን ካለችኝ ብዙ ዘመኗ ነው፤ ወንድሜም ብሏል፤ የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ በዘወርዋራ ብለዋል። እናንተም በሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደር ላይ ነው። ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ተቀኝቼ፣ ትርጓሜ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ትርጓሜ ቤት ላልገባችሁ ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የመጽሐፍ ቃል ይነበባል፤ የኔታ ትርጉሙን ይናገራሉ። ከዚያ «አንድም» ብለው ሁለተኛ ትርጉም ያመጣሉ። አሁንም «አንድም» ብለው ሦስተኛ ያመጣሉ። ፀሐይ ዞራ ጥላው ወደ ማዶ ሲያልፍ እኛ ገና እዚያው ቃል ላይ ነን። አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ከየኔታ የሚያገኘው ነገር ቢኖር፣ «አንተ፣ በአንድ እግርህ ቆመህ የት ልትደርስ ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ አላውቅም።

ታዲያ በዚያ ዓመት ለቤተ ክህነት ተማሪዎች ብቻ የሚሆን አንድ የእንግሊዝኛ ክፍል ተከፈተ። ዓመት ተምሮ ፈተናውን ያለፈ አስተማሪ ይሆናል፤ የወደቀ ወደመጣበት ይመለሳል። እኔ ግን የምመለስበት አልነበረኝም። የኔታን ልሰናበታቸው ብሄድ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ስትወጣ በሩን ዝጋው» አሉኝ። አባቴም ልጄ ቄስ ሊሆን ነው ብሎ የእኔን ድርሻ መሬት ለታናሽ ወንድሜ ከሰጠው ቆይቷል። እንግዲህ ፈተናውን ካለፍኩ ሰው ነኝ፤ ከወደቅኩ ግን በኋላዬ የዘጋሁት በር አለ፣ በፊቴ ደግሞ ወንድሜ የሚያርሰው እርሻ አለ።

አስተማሪያችን ሚስተር ማቲው የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ልብሳቸው ንጹሕ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ የማይለያቸው፣ ለድመት እንኳ መንገድ የሚለቁ ጨዋ ሰው ናቸው። መምህሬ ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። ዜሮ የሰጡኝ ዕለት ብቻ አንድ ሦስት ሰዓት ያህል አንተ ብያቸዋለሁ፤ እሱም በልቤ ነው።

ከእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ልቤን የሰረቀው «ቴክ» ነው። መጀመሪያ «ወሰደ» ማለት ነው ብለው አስተማሩን፤ ጻፍኩ። በሳምንቱ ሚስተር ማቲው ወንበር እያሳዩኝ «ቴክ ኤ ሲት» ቢሉኝ ወንበሩን ተሸክሜ ወደ በሩ አመራሁ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አላፈርኩም። ቃሉ ሁለተኛ ትርጉም እንዳለው ገባኝና የኔታ ትዝ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ከተማውን ሁሉ ማሰስ ያዝኩ። ለአንድ መንገድ ሠሪ እንግሊዛዊ ወጥ የሚሠራ ሰው ነበር፤ እሱን ደጅ ጠንቼ ሦስት ትርጉም አገኘሁ። ከሐኪም ቤት ቁስል አጣቢው ሁለት፣ ከፎቶ አንሺው አንድ፣ ከአንድ የጭነት ማኪና ሾፌር ደግሞ አንድ እዚህ የማልጽፈው አገኘሁ። ሽፋኑ ከተገነጠለው የትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት የቀረውን ሞላሁ። በድምሩ አሥራ ሰባት ሆነ። በቃሌ ይዤ፣ እንደ ደንቡ ሐተታ አበጀሁለት።

«ቴክ፦ ወሰደ። አንድም ተቀበለ። ወሰደና ተቀበለ እንዴት አንድ ይሆናል ቢሉ፣ የሰጠ ሳይኖር የተቀበለ የለምና። አንድም ጠጣ፤ ቴክ ቲ እንዲል። አንድም ተቀመጠ፤ ቴክ ኤ ሲት እንዲል። ወንበሩን ወሰደ ማለት አይደለምን ቢሉ፣ አይደለም፤ ወንበሩ ከቦታው አልተነሣምና። አንድም አወለቀ፤ ባርኔጣህን ቴክ ኦፍ እንዲል። አንድም ተነሥቶ በረረ፤ አውሮፕላኑ ቴክ ኦፍ እንዲል። ባርኔጣንና አውሮፕላንን ምን አገናኛቸው ቢሉ፣ ሁለቱም ከራስ በላይ ናቸውና።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። እስቲ በሞቴ፣ ይህ ዜሮ የሚሰጠው ነገር ነው?

የፈተናው ቀን ደረሰ። አሥር ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «‹ቴክ ዩር ታይም› ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል። ጥያቄውን ሳየው ለእኔ ተብሎ የተላከ መሰለኝ። አማተብኩና ጀመርኩ። የቀሩት ዘጠኙ ከታች እንዳሉ አላጣሁትም፤ ነገር ግን የተጀመረ ቃል ሳይፈጸም ወደ ሌላ ቃል መሄድ በእኛ ቤት ነውር ነው። አራተኛውን ገጽ ጨርሼ አሥራ ሰባተኛውን «አንድም» ሳሳርግ ደወሉ ተደወለ። ወረቀቱን ስሰጣቸው ሚስተር ማቲው በእጃቸው መዘን አድርገው አዩት። አድናቆት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ውጤት ተነገረ። የእኔ ዜሮ ነው፤ በቀይ ቀለም፣ የዶሮ እንቁላል የምታህል። ሚስተር ማቲው ሊያስረዱኝ ሞከሩ፤ አልሰማኋቸውም። ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ፣ «ማርክ የአስተማሪው ነው» አሉና ሰኞ ስሜ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ነገሩኝ። ያን ቀን ምሳም እራትም አልበላሁም። ስቆጣ አልበላም፤ ያን ዕለት ደግሞ ከቁጣው ጋር ፍርሃት ነበረበት። ወንድሜ ሞፈር ሲያስጨብጠኝ ታየኝ።

እንግዲህ የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ በየአውራጃው ተተክሏል፤ ዳኛው ደመወዝተኛ ነው፣ ጸሐፊም አለው። የአገራችን ሰው ግን የመንገድ ዳኛውን ገና አልተወም ነበር። ተበደልኩ የሚል ሰው በዳዩን መንገድ ላይ በንጉሥ አምላክ ያቆመዋል፤ ከዚያም አላፊ አግዳሚ ከሆነ ሽማግሌ አንዱን «ዳኘን» ይለዋል። የተጠራ አይቀርም። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያተኛው ሽቅብ ቁልቁል በሚልበት ሰዓት፣ ሚስተር ማቲው ጃንጥላቸውን ዘርግተው በፒያሳ ሲያልፉ ከፊታቸው ገጭ አልኩ። «በጃንሆይ አምላክ ይቁሙልኝ፤ ተበድያለሁ» አልኩ። ምን እንዳልኩ አልገባቸውም፤ ሰዉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይተው ግን ቆሙ። ዙሪያዬን ስቃኝ ነጭ ጢማም፣ ዘንጋቸውን የያዙ አንድ ገበሬ ጨው ከተጫነች አህያቸው አጠገብ ቆመዋል። አዲስ የገዙት ማረሻ በብብታቸው ነው። አያ ታከለ የሚባሉ የድብ ባሕር ሰው እንደሆኑ በኋላ ሰማሁ። «አያ፣ ዳኙን» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ምነው እኔን» አሉ። «አህያዬ ጭነት ላይ ናት። አገሬም ሩቅ ነው።»

«አያ፣ ከተጠሩ ወዲያማ አይቀሩም» አለ ሕዝቡ።

አያ ታከለ ተነፈሱ፤ ጨዋቸውን ከአህያዋ አውርደው ከረጢቱ ላይ ተቀመጡ፤ ማረሻውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ወዲያው ችሎት ሆነ። ሰዉን ሊበትን የመጣ አንድ ዘበኛ ነበር፤ እሱም የኔን ጋቢ ጫፍ ከሚስተር ማቲው ኮት ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። ዋስ የሌለው ተሟጋች ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል፤ ደንብ ነው። ሚስተር ማቲው ቋጠሮውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይህ የአገራችሁ ልማድ ነው?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«የጥንት ልማድ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ አከብራለሁ። ሽማግሌው የፈረዱትን እቀበላለሁ።» ይህን ቃላቸውን ያዙልኝ።

አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሩ። «ምንድን ነው ነገሩ? ድንበር ነው?»

«ቃል ነው፣ አያ።»

«ሰደበህ?»

«አልሰደቡኝም። ለአንድ ቃል አሥራ ሰባት ትርጉም ይዤ ብቀርብ አንዱንም አልቆጥርልህም አሉኝ።»

አያ ታከለ ጥቂት አሰቡና፣ «ድንበር ነው እንጂ» አሉ።

ከዚያ ችግር መጣ። ተከሳሹ አማርኛ አያውቁም፤ ዳኛው እንግሊዝኛ አያውቁም። «የፈረንጁን ቋንቋ የሚሰማ አለ?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አልተገኘም። ዘበኛው ጥቂት ጣልያንኛ አውቃለሁ ብሎ ነበር፤ ቢፈተን የሚያውቀው «አቫንቲ»፣ «ወደፊት» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ሆነ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ከሳሽ ሆኜ የተከሳሼ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«ማል» አሉኝ አያ ታከለ። «ፈረንጁ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ባልነግርዎ በለኝ።» በሚካኤል ማልኩ። ቀጥዬም ሚስተር ማቲው ዜሮ የሰጡበትን ምክንያት እንዲናገሩ ነገርኳቸው።

ሚስተር ማቲው ጃንጥላቸውን አጠፉና ተናገሩ። «አሥር ጠየቅሁት፤ አንድ ብቻ መለሰልኝ» አሉ። መሐላ ነውና እንዳሉት ተረጎምኩት። ሕዝቡ «እህ» አለ። «የመጀመሪያው ጥያቄ ትርጉሙ አትቸኩል፣ ረጋ በል ማለት ነው። ይህ መልስ ከጻፈው ውስጥ አሥራ አንደኛው ላይ አለ፤ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ግን አልነገረኝም» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። አንዲት በርበሬ ሻጭ፣ «አትቸኩል ቢለው ጊዜ ነዋ፣ ዘጠኙን ሳይጀምር የቀረው» አለች። ሰዉ ሳቀ። የሳቀብኝን ሰው ሁሉ ለአስተማሪዬ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነበረብኝ።

አያ ታከለ ማረሻቸውን እያሻሹ፣ «ልጄ፣ እኔ በሬ ጠፍቶኝ ብጠይቅህ፣ ‹ከአሥራ ሰባት መንገድ በአንዱ ሄዷል› ብትለኝ ነግረኸኛል?» አሉኝ።

«ከአሥራ ሰባቱ እንዳልወጣ ነግሬዎታለሁ» አልኩ። አሁንም ቢሆን መልሴ ይኸው ነው።

«ሸጋ» አሉ። «ፈረንጁ የቀረው ካለ ይናገር።»

ሚስተር ማቲው፣ ያ ጨዋነታቸው አይጥፋና፣ ወደ እኔ ዞር ብለው ቀስ ብለው ተናገሩ። «የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ከአሥራ ሰባቱ ሦስቱን እኔም አላውቃቸውም ነበር፤ መዝገበ ቃላት አይቼ ነው የተረዳሁት። በዚህ ዓመት እንደሱ የደከመ ተማሪ የለኝም። ዜሮውን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር።»

ይህን አልጠበቅሁም። ደስ አለኝ። ግን እስቲ ራሳችሁን በእኔ ቦታ አድርጉት፤ ሕዝብ ፊት ቆማችሁ፣ በሚካኤል ምላችሁ፣ የራሳችሁን ሙገሳ በራሳችሁ አፍ ስታውጁ። «በሉ... ያው... እውነት ነው ብለዋል» አልኩ። «ምኑ?» አሉኝ አያ ታከለ። «የጻፍኩት ሁሉ። ደግሞ... እንደኔ ያለ ተማሪ የላቸውም።»

ፒያሳ በሳቅ ተናጋ። በርበሬ ሻጯ እንባዋን ጠረገች። «በእውነት እንዲህ ብሏል?» አሉኝ አያ ታከለ። «ብለዋል» አልኩ። «ይድገመው» አሉ። ሚስተር ማቲው ደገሙት። አያ ታከለ ራሳቸውን ቀና አድርገው በጥሞና አዳመጡና፣ «እኔ ታዲያ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ» አሉ።

ከዚያ ፈረዱ። «ስማ ልጄ። ሰው በራሱ ላይ የመሰከረው ይታመናል፤ ለራሱ የመሰከረው አይታመንም። ይህ የአባቶች ነው፤ እኔ አላመጣሁትም። አሥር ተጠይቄ አንድ መለስኩ ያልከው በራስህ ላይ ነው፤ ይያዝ። እውነቱ የእኔ ነው፣ እንደኔ ያለ የለም ያልከው ለራስህ ነው፤ ይቅር። ተረተሃል። በል የፈረድኩትን ለፈረንጁ ንገረው።»

አሁን ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። ሚስተር ማቲው ሽማግሌው የፈረዱትን እቀበላለሁ ብለዋል። ፍርዱን የሚነግራቸው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። «ዳኛው ለእኔ ፈርደዋል» ብላቸው ሰኞ ዜሮው ይፋቃል፤ አስተማሪ እሆናለሁ፤ የወንድሜን ሞፈር አልጨብጥም። ማንም አያውቅብኝም። መሐላው አለ ትሉ ይሆናል፤ የለም። ያስማሉኝ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ማንም አላስማለኝም። ይህን ሁሉ ቆሜ አሰብኩት፤ አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው። አፌ ተከፈተ፤ «ዘ ጀጅ» አልኩና ቀረሁ።

ያቆመኝ ጽድቅ አይደለም፤ እልህ ነው። ያ ሁሉ ሰው ውሸታም ነህ ብሎ የሳቀብኝ እውነት ተናግሬ ሳለ ነው። አሁን ብዋሽ የሳቁት ሁሉ ትክክል ይሆናሉ፤ እኔ ብቻዬን የማውቀው ትክክልነቴም ይሄዳል። ከሞፈሩም፣ ከተዘጋውም በር ይልቅ ይህ ከበደኝ። «እርስዎ አሸንፈዋል» አልኳቸው በእንግሊዝኛ። «እኔ ተረትቻለሁ።»

ሚስተር ማቲው ትኩር ብለው አዩኝ። ወደ አያ ታከለ አዩ፤ ወደ ሕዝቡ አዩ። ከዚያ ሁሉ ሰው እንግሊዝኛ የሚሰማ እኔና እሳቸው ብቻ እንደሆንን ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት።

«እንዲህ ነው የፈረዱት?»

«እንዲህ ነው።»

«ሌላ ነገር ብትነግረኝ ኖሮ አምንህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ። ተናድጄም ነበር፤ ላለቅስም ደርሼ ነበር።

ሚስተር ማቲው ጃንጥላቸውን እንደገና ዘረጉ፤ ተቆራኝተን ነበርና ግማሽ ጥላው እኔም ላይ አረፈ። «ሰኞ በጠዋት ና። ዘጠኝ ጥያቄ ይቀርሃል» አሉኝ።

«ምን አለህ?» አሉኝ አያ ታከለ፤ ጨዋቸውን መልሰው እየጫኑ ነበር።

«ሰኞ መጥተህ ተፈተን አሉኝ።»

«ይህም ለራስህ ነው፤ አላምንህም» አሉና አህያቸውን ቸብ አድርገው ወደ አገራቸው መንገድ ገቡ። ዘበኛው ቋጠሮውን ሲፈታ የሚስተር ማቲውን ኮት አንድ ቁልፍ በጠሰ። ቁልፉን ከመሬት አንሥቼ ሰጠኋቸው።

ሰኞ ሄድኩ። ለዘጠኙም ጥያቄ አንዳንድ መስመር መለስኩ። ብዕሬ ወደ «አንድም» ባዘነበለ ቁጥር ጣቴን በጥርሴ እየነከስኩ መለስኩት። ከዚያ የበለጠ መከራ በሕይወቴ አላየሁም፤ ጋብቻንም ጨምሬ ነው የምናገረው። ሚስተር ማቲው እፊቴ አረሙልኝ፤ ዘጠኙም ትክክል ሆነ። «ዘጠኝ ከአሥር» ብለው ጻፉና እጄን ጨበጡኝ። ስሜ ከመዝገብ አልተሰረዘም፤ አስተማሪም ሆንኩ፤ ብዙ ልጅ አስተማርኩ፤ ደስ ብሎኝ ኖርኩ።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ ግን ዜሮዋን እንደያዘች ቀረች። «ይህችስ?» አልኳቸው። «እሷማ ተፈርዶባታል» አሉኝ ሚስተር ማቲው፤ ሳቁም። እኔ አልሳቅሁም። ይግባኝ ብዬ ወጣሁ።